ከአርባ ሺህ ዲናር በታች

ባሌ መርዙቅ መኪናውን ሊሸጥ ተቀምጦ እኔን መያዣ አድርጎኝ ተነሣ። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ! እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከግቢያችን በር አጠገብ ባለው የወንዶች መቀመጫ፣ በዲዋኒያው፣ የሰፈሩ ወንዶች ይሰበሰባሉ። ሻይ ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ያልመጣውን ሰው ያማሉ፣ ከዚያ ዞረው ሴቶች ሐሜተኞች ናቸው ይላሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሩዙንና ዓሣውን አዘጋጃለሁ፤ ትሪውን የሚያደርሰው ልጄ ፈዋዝ ነው። ፈዋዝ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ግን የእናቱን ትሪ መሸከም አያሳፍረውም። ያን ዕለት ትሪውን አድርሶ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ? ደፋኸው እንዴ?»

«እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም፣ ሽንኩርቱ ያርርብኛል። ተናገር!»

«ነጋዴው ነውፈል ለመኪናዋ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰጠ። አባዬ ከአርባ ንቅንቅ አልልም አለ። ነውፈል ሳቀበትና ‹ትንሽ ቆይተህ በሠላሳ ውሰድልኝ ብለህ ትለምነኛለህ› አለው። አባዬ ብድግ አለና...»

«እሺ፣ ብድግ አለና?»

«‹ከአርባ ሺህ ዲናር በታች ብሸጣት ሚስቴ በሦስት ፍች ትፈታ!› አለ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ሽንኩርቱ አረረ። ይረር! ሦስት ፍች መመለሻ የለውም፤ የኔስ አንጀት?

የኛ ወንዶች መሐላ ይወዳሉ። እንግዳ ይመጣና ጠግቤአለሁ ይላል፤ ባለቤቱ «ካልበላህ ሚስቴ ትፈታ!» ይላል፤ ምስኪኑ እንግዳ የሰው ትዳር ላለማፍረስ ሲል ሆዱ እስኪወጠር ይበላል። ሚስትየዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰውዬው እንዲጎርስላት ትጸልያለች። አብዛኛው ሰው በማግስቱ ይረሳዋል። የተማሩት ደግሞ እንዲህ ያለ መሐላ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም ይላሉ። መርዙቅ ግን የአባቱ ልጅ ነው። አባቱ የወንድሜን ደጃፍ ብረግጥ ሚስቴ ትፈታ ብለው ምለው፣ ወንድማቸው ሲሞት እንኳ ሬሳውን መንገድ ላይ ቆመው ነው የተቀበሉት። በዚያ ቤት ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስለ መኪናዋም ልንገራችሁ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፣ ቢጫ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ። መርዙቅ ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን ገንዘብ አፍሶ በስድሳ ሺህ ዲናር ገዛት። የመጀመሪያው ባለቤቷ ዘጠና ሺህ ከፍሎባት ነበርና፣ የኔ ጌታ ሠላሳ ሺህ ያተረፈ መስሎት በግ አርዶ ሰው አበላ።

«የፈዋዝ አባት፣» አልኩት ያኔ፣ «ያኛው ሰውዬ በሁለት ዓመት ሠላሳ ሺህ ከከሰረባት፣ አንተ በምን ተአምር ነው የማትከስረው?»

«ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» አለኝ።

እሺ፣ አላውቅም። ግን ዐይን አለኝ። ሲገባባት እንደ መውደቅ ነው፣ ሲወጣ ግን ሰው ይጠራል፣ ምክንያቱም ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። በባሕር ዳሩ መንገድ ሰፈሩን ሁሉ እያስበረገገ ይነዳትና፣ በራችን ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ግራ እጁን፣ ፈዋዝ ቀኝ እጁን ይዘን እየጎተትን እናወጣዋለን። ከዚያ ቆቡን አስተካክሎ ጎረቤት አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ይቃኛል። አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል፤ ወላሂ እወደዋለሁ፣ ይኼን ሰውዬ።

መኪናዋ ግን እየተነዳችም ትበላለች፣ ቆማም ትበላለች። ፈረስ እንኳ ቆሞ የሚበላው ድርቆሽ ነው። የኛ በጋ ባትሪዋን ይገድለዋል፤ ጎማዋ ሳይሽከረከር በሙቀቱ ይሰነጠቃል። ዘይቷን ለማስቀየር የሚጠይቁት ገንዘብ ለኔ አሮጌ ጂፕ አራት አዲስ ጎማ ይገዛል። ለፍሬን ሸራዋ የተጠየቀውን የሰማሁ ዕለት «ከብር ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅኩ፤ መርዙቅ ግን አልሳቀም። ከነፋሱ አሸዋ ለማዳን ድንኳን ሠራላት፣ ከድንኳኑ ሥር የአየር ማቀዝቀዣ ገጠመላት። የኛ መኝታ ቤት ማቀዝቀዣ ሲያንኳኳ ግን ታገሺ ተባልኩ።

መሐላው ከወጣ በኋላ ነገሩ ባሰ። የሠራት ድርጅት አዲስ ዓይነት አወጣ፣ የኛዋ በአንድ ጊዜ አሮጊት ሆነች። ነውፈል በየማክሰኞው ይመጣና ከሻዩ በፊት ዋጋ ይናገራል። ሠላሳ አራት። በሌላው ጊዜ ሠላሳ አንድ። አንድ ገዢ መጣ፣ የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አውጥቶ ከኮፈኑ እስከ ጭራዋ ለካ፣ በቀኙ በር ላይ ዳግም የተቀባ ቀለም አግኝቶ ራሱን ነቀነቀና ሃያ ስምንት ብሎ ሄደ። በየጊዜው አንድ ሺህ በወደቀ ቁጥር መርዙቅ እራቱን ትቶ ይነሣል። እኔ ደግሞ እያንዳንዷ ሺህ ከኔ ላይ የምትቀነስ ይመስለኝ ጀመር። ምክንያቱም መንገዱ ግልጽ ነው፦ ካልሸጣት ቤታችንን ትበላለች፤ ከሸጣት ቤታችንን ታፈርሳለች።

በመኪና ገበያው ስም አወጡላት። «አፋቺዋ» አሏት። ይኼን የሰማሁት የት መሰላችሁ? ሠርግ ቤት ነው። አንዲት የሰፈር ሴት፣ ወርቋን አንጠልጥላ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣

«የፈዋዝ እናት፣ አፋቺዋ ዛሬ ስንት ገባች?» አለችኝ።

«ምን?»

«ውይ፣ መኪናችሁን ማለቴ ነው! ባሌ እየነገረኝ...»

«ባልሽ የሰው መኪና ከሚቆጥር ጥርሱን ያስተክል» ብያት ተነሣሁ። ቤቴ እስክገባ ግን እንባዬ አልቆመም። ለካ ገበያው ውስጥ ዋጋ የሚጠሩት ለመኪናዋ አልነበረም።

በዚህ ላይ ካምቢዮዋ ተበላሸ። ጋራዥ ተወስዳ ታየች፤ ለጥገናው የጠሩት ዋጋ አዲስ መኪና ይገዛል፤ ጣሊያን ሠራሽ ሳይሆን ጃፓን ሠራሽ ማለቴ ነው፣ ሰው የሚሄድበት ዓይነት። መርዙቅ በማግስቱ ምሳ ላይ ዓሣውን እየቆፈረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣

«ሰቢካ፣ ያ ወርቅሽ... ለብዙ ጊዜ አላደረግሽውም» አለኝ።

«የትኛው ወርቄ?»

«የእናትሽ። የአንገቱ። ለጊዜው ነው፣ ካምቢዮዋ ከተሠራ ወደ አርባ ትወጣለች።»

«ወርቄን ለካምቢዮ?»

«ለኔ ብዬ መሰለሽ እንዴ? ላንቺ ብዬ ነው እኮ! አርባ ካላወጣች ምን እንደምትሆኚ ታውቂያለሽ።»

ሰማችሁ? ላንቺ ብዬ! እኔን ከራሱ መሐላ ለማዳን የኔን ወርቅ! ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሳሕን ወርውሬ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አልወረወርኩም፣ አንሥቼ ግን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ተነሣ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ሼህ ኢድሪስ ዘንድ። አንተ አፍህን ከፍተሃል፤ እስቲ እሳቸው ይዝጉት።»

ሼህ ኢድሪስ የኛን ኒካሕ ያሰሩ፣ በመርዙቅ አባት ቀብር ላይ የሰገዱ ሽማግሌ ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰሙና፣

«መርዙቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉ። «ያን ቃል ስታወጣ ሚስትህን መፍታት አስበህ ነው ወይስ የነጋዴውን አፍ ለማስያዝ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር! አፉን ላስይዘው ብዬ ነው፣ ተሳስቻለሁ ቢል፣ መሐላው የአፍ መሐላ ብቻ ይሆናል፤ ለመሐላው ካሳ ዐሥር ድሆች ያበላል፣ መኪናውን ይሸጣል፣ ቤታችን እንገባለን። ጉልበቱን በጉልበቴ ነካሁት። በል እንጂ፣ በል አልኩት በልቤ።

መርዙቅ ጺሙን ዳሰሰ። ደረቱን ነፋ።

«እኔ አፌ ከልቤ አይለይም፣ ሼሁ። አስቤበት ነው ያልኩት።»

«አስበህበት?»

«አዎን።»

«እንግዲያስ ቃልህን ጠብቅ» አሉት አዝነው። «ከአርባ በታች የሸጥካት ቀን ሰቢካ ያንተ አይደለችም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የዚህ ሰውዬ አፍ ግን ወለምታም አይደለም፣ ተሰብሮ ያለ ቦታው የገጠመ ነው። ለነውፈል ብዬ ነበር ብሎ ከሚያፍር ያለ ሚስት ቢቀር መረጠ። ደሜ ፈላ።

«ሼሁ፣ የወንድ አፍ ይኼን ያህል በር ከዘጋ፣ ለሴት የተተወላት በር የለም?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱና፣ «አለ፣ ልጄ። ሲያገባሽ የሰጠሽን መህር መልሰሽለት ራስሽን መግዛት ትችያለሽ። እሱ ከተቀበለ ትዳሩ ያልቃል፤ መሐላውም የሚያርፍበት ሚስት አያገኝም። ያኔ በፈለገው ዋጋ ይሽጣት። ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ወንድ መጥቶ፣ በአዲስ መህር፣ በአዲስ ኒካሕ ሊጠይቅሽ ይችላል። ላይጠይቅሽም ይችላል። እሱን አስቢበት» አሉኝ።

መርዙቅ «ኧረ በአላህ፣ ይኼን ያህል አልደረስንም!» ብሎ ተነሣ። ጂፑን የነዳሁት እኔ ነኝ።

አሰብኩበት። ላይጠይቅሽም ይችላል ያሉት ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከመርዙቅ ቤት ከወጣሁ ያለኝ አባቴ የተወልኝ ኸይራን ባሕር ዳር ያለ ትንሽ ቤት ነው። ሰውዬው ኩሩ ነው። አንዴ ከወጣሁ «ራሷ ወጣች» ብሎ ጀርባውን ቢሰጠኝስ? ለቀናት ይኼን ሳብሰለስል ሰነበትኩ፤ ምናልባት አላህ ሌላ መንገድ ያሳየኝ ይሆናል እያልኩ።

ማክሰኞ መጣ። ፈዋዝ ትሪውን አድርሶ ሲመለስ ጥርሱን ነክሷል።

«ምን አሉ ደግሞ?»

«ነውፈል መላ አምጥቷል። ወረቀቱ ላይ አርባ ሺህ እንጻፍ፣ እጅህ ላይ ግን ሃያ ሦስት ልቁጠርልህ ይለዋል። መሐላህም አይፈርስ፣ መኪናዋም ትሸጥ አለው። ሁሉም አጨበጨቡ።»

«አባትህስ?»

ፈዋዝ አንገቱን ደፋ። «ዝም አለ፣ እማዬ። ዝም ሲል ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። መርዙቅ እምቢ ሲል ይጮኻል፤ እሺ ሲል ዝም ይላል።

መኝታ ቤት ገባሁ። ከቁም ሣጥኑ የራሴን ገንዘብ ከነከረጢቱ አወጣሁ፣ ዐባያዬን ለበስኩ፣ በጓሮ በኩል ሳይሆን በዋናው በር ወጥቼ ወደ ዲዋኒያው ገባሁ። በሰፈራችን ሴት ወንዶች ተቀምጠው ዲዋኒያ ገብታ አታውቅም። ካርታው በየእጃቸው ቀረ። መርዙቅ ሊነሣ ብሎ ጉልበቱ እምቢ አለው።

«የፈዋዝ እናት!» አለ ነውፈል ቀድሞ፣ በማር በተለወሰ ድምፁ። «ምነው፣ ደህና ነዎት?»

«አንተ ዝም በል፣ ተራህ ይደርሳል።» ከረጢቱን መርዙቅ እግር ሥር አስቀመጥኩት። «ይኼ ሁለት ሺህ ዲናር ነው። ስታገባኝ የሰጠኸኝ መህር። ካላመንክ ለነውፈል ስጠውና ይቁጠርልህ፤ እሱ መቁጠር ይወዳል። ራሴን ገዛሁ።»

«ሰቢካ፣ አብደሻል?» አለ መርዙቅ። ስሜን በወንዶች ፊት ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«አላበድኩም። ወረቀት ላይ አርባ ጽፋችሁ እጁ ላይ ሃያ ሦስት ልታስጨብጡት ነው፣ አይደል? እናንተማ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። እኔ ግን ከነገ ጀምሮ ሚስቱ ልሁን እንግዳው ልሁን ሳላውቅ ሩዙን ላቀርብለት? በውሸት ወረቀት የተደገፈ ትዳር አልፈልግም! ሰው ነኝ እኮ፣ መለዋወጫ አይደለሁም!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ እንጂ» አለ ነውፈል። «እኛ እኮ ለርስዎ ብለን ነው።»

«ለኔ! ሁሉም ለኔ ብሎ ነው! ወርቄን ለካምቢዮ የጠየቀኝም ለኔ ብሎ ነው። አንተ በየማክሰኞው እየመጣህ ዋጋ ስትጠራ የነበረው ለኔ ብለህ ነው? ሰው የሚወድቅበትን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ፣ ሻዬን እየጠጣህ! ስኳሩን የጨመርኩልህ እኔ ነኝ፤ እፍረት ቢጤ ልጨምርበት ይገባኝ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ከወደ ጥግ ሳቀና አፉን በመሐረቡ ሸፈነ። ነውፈል ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ወደ መርዙቅ ዞርኩ። ፊቱን ሳይ ቁጣዬ ሟሟ፤ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«የፈዋዝ አባት፣ ጠልቼህ አይደለም። አላህ ያውቃል፣ አልጠላሁህም። ግን መኪናህ በወደቀች ቁጥር እኔ አብሬያት አልወድቅም። ተቀበልና ልውጣ።»

አየኝ። ሰዎቹን አየ። ከረጢቱን አነሣው።

«ተቀበልኩ» አለ። እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ፈዋዝ ነው ኸይራን ያደረሰኝ። ቤቱን ከፍቼ፣ አሸዋውን ጠርጌ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዲዋኒያ ውስጥ ስፎክር ልቤ አንበሳ ነበር፤ አሁን ውሃ ሆነ። ባይመጣስ? ጥሩ፣ ባይመጣ አልሞትም እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ምን በልቶ ይሆን እላለሁ። ስልኬን ሺህ ጊዜ አየሁ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም፣ ጣቴ ቢቆረጥ አልደውልም!

ፈዋዝ በሳምንቱ መጨረሻ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ገና ከበር ጀምሮ ይስቃል።

«ሸጣት፣ እማዬ!»

«ለነውፈል?»

«ምን ለነውፈል! ነውፈል ሃያ ሦስት ሺህ ይዞ ደጅ ቆሞ ሲጠብቀው፣ አባዬ አርብ ገበያ አስጎትቶ ወስዷት በሃያ ሁለት ለማያውቀው ሰው ሸጣት።»

«አንድ ሺህ ከስሮ?»

«‹አንድ ሺህ ዲናር የነውፈልን ፊት ላለማየት ርካሽ ነው› አለ።»

ሳቅሁ። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅሁ። ሰውዬው አልተለወጠም፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልተለወጠም።

«እና... ሌላ ነገር አላለም?»

«አለ። ነገ ከሼህ ኢድሪስ ጋር ይመጣል። ኒካሕ ላይ ስላንቺ የምቆመው እኔ ነኝ አሉኝ ሼሁ። ስለዚህ እጅሽን የሚጠይቀው ከኔ ነው፣ እማዬ!»

በማግስቱ መርዙቅ ነጭ ቀሚሱን አስተኩሶ፣ የዑድ ሽቶ ተቀብቶ፣ በፈዋዝ መኪና መጣ። ይኼኛው መኪና በሩ ከፍ ያለ ነው፤ ማንም ሳይጎትተው ወረደ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። ፈዋዝ ሰፊው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አጎቴ። በምን ጉዳይ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ አትቀልድ።»

«በሴት ወገን ፊት እንዲህ አይባልም፣ አጎቴ። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጡረተኛ ነኝ፣ ታውቅ የለም እንዴ!»

«መኪና አለዎት?»

መርዙቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸጥኳት።»

ሼህ ኢድሪስ ጺማቸው ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«መጀመሪያ የሼሁን ጥያቄ መልስ» አልኩት። «ያን ቀን የመለስከውን አይደለም፣ እውነቱን።»

መርዙቅ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«የነውፈልን አፍ ላስይዝ ብዬ ነው» አለ። «አንቺን መፍታት በሕልሜም አላሰብኩ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰቢካ። ሻይ እንኳ ማፍላት አልችልም፣ ማሰሮውን አቃጠልኩት።»

«ይኼን ያኔ ብትል ኖሮ፣» አሉ ሼሁ፣ «ዐሥር ሰው አብልተህ ትገላገል ነበር።»

እንባዬ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። የገበያ ሰዓት ነው፣ በገበያ ደግሞ አይለቀስም።

«መህሬን ስማ» አልኩት። «ቅድሚያው አንድ ዲናር ይበቃኛል። የዘገየው አርባ ሺህ ነው። እሱን ዛሬ አትከፍለውም፤ የምትከፍለው የፈታኸኝ ቀን ነው። በቁጣም ፍታኝ፣ በቀልድም ፍታኝ፣ በመኪናም ፍታኝ፤ ፍች የምትል ቃል በኔ ላይ ከአፍህ በወጣች ቀን አርባ ሺህ ዲናር ቆጥረህ ታስረክበኛለህ።»

«አርባ ሺህ!» ዘሎ ተነሣ፤ በቁጣ ሲሆን ጉልበቱ ይታዘዘዋል። «ሴትዮ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመትሽ ነው እኮ!»

«እና? ሲያገለግል ዋጋው የሚወድቅ መኪና ነው። እኔ አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለኝ፣ ቀለሜ የፋብሪካው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ሳልገባ ሠርቻለሁ። አባቴ ሰቢካ ያለኝ ጥፍጥፍ ወርቅ ብሎ ነው፤ የወርቅ ዋጋ ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ነውፈልን ጠይቀው።»

«ሠላሳ» አለ።

«አርባ።»

«ሠላሳ አምስት፣ በፈዋዝ ሞት!»

«ኧረ እኔን ተወኝ!» አለ ፈዋዝ።

«ዋጋውን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ የፈዋዝ አባት። ሰው በተሰበሰበበት ብድግ ብለህ ከአርባ ሺህ በታች አይሆንም ያልከው አንተ ነህ። ቃልህን አክባሪ አይደለህ? አክብረዋ!»

መርዙቅ ሼሁን አየ፤ ሼሁ ጣራውን ያያሉ። ልጁን አየ፤ ልጁ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ አውቀዋለሁ።

አርባ ሺህ ተብሎ ተጻፈ፣ ፈረመ፣ ቤታችን ገባን። የመኪናዋ ድንኳን ማቀዝቀዣ አሁን መኝታ ቤታችን ነው፤ አያንኳኳም።

ማክሰኞ ማክሰኞም ሰዎቹ ይመጣሉ። ነውፈል ሳይቀር ይመጣል፤ ሻዩን ግን ያለ ስኳር ነው የምልክለት። ሰሞኑን አንድ ጎረቤት ለበዓል የሚሆን በግ ሊሸጥለት መጥቶ መቶ ሃያ ዲናር አለው። መርዙቅ መቶ አለ። ሰውዬው እምቢ አለ። ጩኸቱ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ባሌ ብድግ ሲል፣ ወንበሩም ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ከመቶ አንዲት ዲናር ብጨምር ሚስቴ...»

«አርባ ሺህ!» አሉ ወንዶቹ ባንድ አፍ።

ጭልፋውን ይዤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። መርዙቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስቴ... የበግ ሥጋ ትወዳለች» አለና በጉን በተጠየቀው ዋጋ ገዛው።